ቀን የተነፋ ጡሩምባ

ያለ ጥፋቴ ከእድሬ ተባረርኩ። ጡሩምባዬን ቀሙኝ፣ ስሜን ሰረዙት፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ ሟርተኛ አሉኝ። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት እንዳይረሳ ነው። የምጽፈው ስለ ጋሽ አስራት ነው፤ ስለ እሳቸው ሲወራ ደግሞ ሰው ሁሉ ይለሰልስና የእኔ ነገር ተድበስብሶ ይቀራል።

ጋሽ አስራት ባለፈው ሚያዝያ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አልጋቸው ላይ እንዳሉ ሞቱ። ያን ጠዋት ጡሩምባ አልተነፋላቸውም።

እኛ ሰፈር፣ ጉለሌ፣ ሰው ሲሞት ጎሕ ሲቀድ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ቁልቁለቱንና ዳገቱን እየዞረ ይነፋል፤ ቀጥሎ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል። የሰማ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚደረድረው፣ ሬሳ የሚሸከመው እድር ነው። እድር የሌለው ሰው ሲሞት ጎረቤቱ እንኳ ይግባ አይግባ ግራ ይገባዋል። ያ ነፊ እኔ ነበርኩ። ቦጋለ እባላለሁ፤ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነኝ። አባቴ ከጋሞ መጥቶ እዚሁ ሲሸምን ኖሮ እዚሁ ሞተ፤ ጡሩምባውም የደረሰኝ ከእሱ ነው። ሰው ሲሞት የምትፈለግበት፣ ሰው ሲዳር የማትጠራበት ሥራ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ሸብቼ ነው። የታክሲ ታፔላ ማንበብ አቅቶኝ የረዳቱን አፍ ስጠብቅ መኖር ሰለቸኝና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሸማኔዎች ማኅበር አዳራሽ ገባሁ። ጋሽ አስራት ጎልማሶችን የሚያስተምሩት እዚያ ነበር። ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ሚስታቸው ሞተውባቸዋል፤ አንዲት ልጃቸው አግብታ ድሬዳዋ ትኖራለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ጠመኔያቸውን እንደ አናጢ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ይሰኩታል። እጃቸውን ሁልጊዜ ግራ ሱሪያቸው ላይ ስለሚጠርጉ ግራ እግራቸው ወፍጮ ቤት የዋለ ይመስላል። የጠየቅናቸውን ሁሉ «እንይ እስቲ» ይላሉ፤ ፊደሉን ሳይቀር። «ጋሼ፣ ይሄ ‹ጨ› ነው?» «እንይ እስቲ።» እኔን ያናድደኝ ነበር። አስተማሪ አይደሉ እንዴ? ምኑ ነው የሚታየው?

ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ደብተር ያስዘጉንና ስለ ሰማይ ያወሩን ነበር። አንድ ቀን የሱሪ ላስቲክ ይዘው መጡ፤ ቋጠሮ ቋጠሮ አድርገውበታል። አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጥተው ሌላውን ይዘው ወደ በሩ አፈገፈጉ።

«እያንዳንዱ ቋጠሮ አንድ የከዋክብት አገር ነው በሉ። ጋላክሲ ይባላል። እዩ፣ አንዱም ቋጠሮ አልሮጠም፤ የተለጠጠው መሐሉ ያለው ነው። የትኛውም ቋጠሮ ላይ ብትቆሙ ሌሎቹ ከእናንተ ሲሸሹ ታያላችሁ። የሩቁ ደግሞ ይብሳል።»

ብርሃኑ የሚባል የታክሲ ረዳት አብሮን ይማር ነበር፤ ነገረኛ ነው። «ታዲያ ጋሼ፣ ፒያሳም ከሽሮ ሜዳ እየራቀ ነው? ታሪፍ እንጨምራ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ።

«አትጨምር» አሉት ጋሽ አስራት፣ ምንም ሳይስቁ። «ቅርብ ለቅርብ ያለው በስበት ተያይዟል። ጉለሌ አትለጠጥም። የሚለጠጠው በጣም በተራራቁት መሐል ያለው ባዶ ነው።»

ከዚያ ጠመኔዋን ወደ ላይ ወረወሯት፤ ተመልሳ እጃቸው ላይ ወደቀች። «ስትወጣ ፍጥነቷ እየቀነሰ ነው፤ ምድር ትስባታለች። የዓለሙም መስፋት እንዲሁ እየቀዘቀዘ ይሄዳል ብለው ነበር የጠበቁት፤ ሁሉም እርስ በርሱ ይሳሳባላ። ሲለኩት ግን ጭራሽ እየፈጠነ አገኙት።»

«በምን ለኩት?» አልኩ።

«አንድ ዓይነት ኮከብ አለ፤ ሲፈነዳ የሚሰጠው ብርሃን ልኩ ይታወቃል። ሩቅ የፈነዱትን ሲያዩ ከጠበቁት በላይ ደብዝዘዋል። ከጠበቁት በላይ ርቀዋል ማለት ነው።»

«ምንድን ነው የሚገፋቸው?» አለች ከቀጨኔ የምትመጣው ሸክላ ሠሪ፣ ዓለሚቱ።

«አላውቅም።»

«እርስዎ ነዎት የማያውቁት ወይስ ማንም?»

«ማንም። ስም አውጥተውለታል፤ ጥቁር ኃይል ይሉታል። ስም ማውጣት ግን ማወቅ አይደለም። በዓለም ላይ ካለው ሁሉ የሚበዛው እሱ ነው፤ ምን እንደሆነ ግን አልታወቀም።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ይፈካ ነበር። እኔን ዕድሜዬን ሙሉ አላውቅም ማለት ሲያዋርደኝ ኖሯል፤ እኚህ ሰውዬ ግን አላውቅም ሲሉ እንደ ተሾመ ሰው ደረታቸውን ይነፋሉ።

አላሳመኑኝም። «ቆይ፣ መራቃቸውንስ ማን አየ?» አልኳቸው። «ማታ ማታ ያው እዚያው ናቸው።»

«በብርሃናቸው ነው የሚታወቀው። ከሚርቅ ነገር የሚመጣ ብርሃን ወደ ቀይ ያደላል። ድምፅም የራሱ ዓይነት መንገድ አለው፤ ከሚርቅ ነገር ሲመጣ ይወፍራል። ልክ አንድ አይደሉም፣ ግን ይመሳሰላሉ። ቅዳሜ አሰማችኋለሁ።»

በቃ፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ቅዳሜ ብርሃኑ ሾፌሩን ለምኖ ሚኒባሱን አስመጣ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ መኪናው ከእንጦጦ በኩል ቁልቁል እየመጣ ክላክሱን ሳያቋርጥ ይነፋል፣ እኛ መንገድ ዳር ቆመን እንሰማለን። ክላክሱ ሲጫኑት ሳል እንደያዘው ሰው «እህ» አለና ዝም። ሾፌሩ ተሳደበ። ጋሽ አስራት ወደ እኔ ዞሩ።

«ቦጋለ፣ ጡሩምባህን አምጣው።»

«ጋሼ፣ የሞት ነው።»

«ቆርቆሮ ነው።»

«ሰው ይሰማል እኮ!»

«የሞቱ የሚነፋው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ በእግር ነው፤ ስም ይከተለዋል። አሁን ቀን ነው፣ ታክሲ ላይ ነህ፣ ስም አትጠራም። ማን ይሳሳታል?»

እንደ ሒሳብ ከሆነ ልክ ናቸው። ግን እሳቸው የሚያውቁት ሰማዩን ነው፤ ሰፈሩን የማውቀው እኔ ነኝ። ሁለቴ እምቢ አልኩ። ተማሪው ሁሉ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ፣ መምህሩም ሲያዙኝ፣ አመጣሁት።

በሚኒባሱ በር እንደ ረዳት ተንጠልጥዬ ነፋሁ። ሾፌሩ ለቀቀው። ለእኔ ድምፁ ያው ነው፤ ቅንጣት አልተለወጠም። መንገድ ዳር የቆሙት ግን ሳልፋቸው ወርዶ ሲወፍር ሰሙት። ዓለሚቱ እጇን አፏ ላይ ስትጭን አየኋት። ጋሽ አስራት በዚያ ቁመታቸው ዘለሉ። «ድገመው!» አሉ። ወጣን፤ ደግመን ወረድን።

ከመንገዱ ዳር የእማማ በላይነሽ ግቢ አለ። የእድራችን ዳኛ የደምሴ እናት ናቸው። የከረመ በሽታቸው ብሶባቸው በዚያው ሳምንት ቆርበው ነበር። ሰፈሩ ዛሬ ነገ እያለ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። ጡሩምባ ደግሞ ቀን ከተነፋ ሟቹ ዛሬውኑ ይቀበራል ማለት ነው፤ ይህን እኛ ጋ ሕፃን ያውቀዋል። ስም አለመጠራቱን ማን ልብ ይበል? ስሙን ሁሉም በልቡ ይዞታል።

ደግመን ስንወርድ መንገዱ በሰው ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን እየደቁ ወደ ግቢው ይሮጣሉ። ወንዶቹ የእድሩን መጋዘን ከፍተው የድንኳን ብረት እየጎተቱ ነው። አልቃሿ ግጥሟን ጀምራለች። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ጡሩምባው አፌ ላይ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ።

እማማ በላይነሽ አልሞቱም። አልጋቸው ላይ ሆነው የራሳቸውን ለቅሶ አዳመጡ። የሚገርመው፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ተሻላቸው። ለእኔ ግን አልበጀኝም።

በማግሥቱ እድሩ ተጠራ። ደምሴን ፊት ለፊት አቶ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ነኝ። ተነሳና «ይሄ ሰው እናቴን በቁሟ ቀበራት!» አለ። ለእናቱ የተቆጣ መስሎኝ አዘንኩለት።

ጋሽ አስራት ቆሙ። «እናትዎንና ቤተሰብዎን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቦጋለ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።» አልሸሹም፤ ይህን አልክድም።

«ምን ሊሆንልዎት?» አለ ደምሴ።

«ጋላክሲዎች እየራቁ መሆናቸውን ላስረዳ።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። የጨረሰን ያ ሳቅ ነው። ሁለታችንንም ሰረዙን። ጡሩምባውን ከእጄ ነጥቀው ለአንድ ዘበኛ ሰጡት፤ ጡት እንደተከለከለ ጥጃ ነው የሚያስጮኸው።

ትንሽ ቆይቶ ሽማግሌዎች ወደ አዳራሹ መጡ። እኛ ተቀምጠን እየሰማን ነው። «መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። አንዴ ሆነ። ይመለሱ፤ ደምሴም ፈቅዷል» አሉ።

«ቦጋለስ?»

«እሱ ይቆይ። ጡሩምባ የያዘ ሰው መጠንቀቅ ነበረበት። ደግሞ የእነሱ ነገር…» አለና አንደኛው ዋጠው።

«የእነማን?»

«ያው…» ሸማኔ ማለቱ ነው። ግማሹ አዳራሽ ሸማኔ ነው።

ጋሽ አስራት ጠመኔዋን ከጆሯቸው አወረዱ። «ያጠፋሁት ልግባ፣ ያላጠፋው ውጭ ይቅር ነው የምትሉኝ? ከእሱ ጋር ካልሆነ አልገባም።»

«ኧረ መምህር፣ ሞት አለ እኮ!»

«አለ» አሉ። «ከፈለጋችሁ ተቀመጡ፤ ‹ቀ› ላይ ደርሰናል።»

ሰው ይህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ ያቀራል። እኔ ተናደድኩ። ማን ለመናቸው? ለራሴ መባረር ሳያንሰኝ የእሳቸውንም መባረር አሸከሙኝ። ከዚያ በኋላ ሰፈር ውስጥ ሰው በሞተ ቁጥር ሁለታችን ከድንኳኑ ማዶ፣ የአጥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እናለቅሳለን። ወንበር የሚያቀርብልን የለም። አሳላፊው ንፍሮውን ይዞ እስከ ድንኳኑ አፍ ይመጣና እያየን ይመለሳል። እኔ ጥርሴን አፋጫለሁ። እሳቸው እግራቸውን ዘርግተው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። «ጋሼ፣ አያፍሩም?» አልኳቸው አንዴ። «አፍራለሁ» አሉ። «ግን ቀብሩ የሟቹ ነው፤ የእኛ እፍረት ይቆየን።»

ከገና በኋላ ታመሙ። ሳንባ ነው ተባለ። «ጠመኔው ነው የጎዳዎት» ብላቸው «እንይ እስቲ» አሉኝ። እየከሱ ሄዱ፤ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ቤታቸው ገባሁና ሳልቀመጥ ጀመርኩ።

«ይመለሱ። ለደምሴ እሺ ይበሉት። እኔ ገና ነኝ፤ እርስዎ ግን…»

«እኔ ግን ምን?»

«ይሞታሉ!» አልኳቸው። እንዲህ ነኝ እኔ። «ማን ይቀብርዎታል? ልጅዎ ከድሬዳዋ መጥታ ድንኳን ትትከል? ሬሳ ታቅፋ ብቻዋን ትቀመጥ?»

ልጃቸው ስትነሳ ፊታቸው ተለወጠ። «እሱ ያስፈራኛል» አሉ። «የእሷ ብቻዋን መቆም። ሌላው አያስፈራኝም።»

«ታዲያ!»

«ታዲያ ስለፈራሁ፣ ልክ ያልሆነውን ልክ ነው ልበል?»

በሩን ወርውሬ ወጣሁ። በነጋታው ተመልሼ መጣሁ፤ ሌላ የሚጠይቃቸው ሰው አልነበረማ።

ፆሙ ሳይፈታ በፊት አንድ ከሰዓት ስገባ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ዜና ይሰማሉ። ዓይናቸው ያበራል። «ቦጋለ፣ ተሳስተው ሊሆን ይችላል!» አሉኝ።

«እነማን?»

«ሁላችንም! ያ የሚገፋው ነገር፣ ልኩ የማይለወጥ ነው ብለን ነበር። አሁን እየደከመ ሊሆን ይችላል የሚሉ መጡ። አልተረጋገጠም። ግን ሊሆን ይችላል!»

«ከደከመስ?»

«ሁሉ እየተራራቀ ይቀራል ያልነው፣ መጨረሻው እሱ ላይሆን ይችላላ።» ሳላቸው አቋረጣቸው፤ ውኃ አጠጣኋቸው።

«እና የትኛው ነው ልክ?»

«እኔ አልደርስበትም» አሉ፣ ደስ ብሏቸው። አልጋ ላይ ወድቆ በዚህ የሚደሰት ሰው አይቼ አላውቅም። አልገባኝም ነበር። አሁንም በደንብ የገባኝ አይመስለኝም።

በሞቱበት ጠዋት ልጃቸው አጠገባቸው ነበረች፤ በዚያው ሳምንት ነው የመጣችው። እኔን አስጠራችኝ። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ግቢው ውስጥ እሷና እኔ፣ ዓለሚቱና ብርሃኑ ነበርን። ዘበኛው፣ አዲሱ ነፊ፣ በር ላይ ጡሩምባውን አንግቶ ቆሟል። «ንፋ» አልኩት።

«ደምሴ ሳያዘኝ? አንተ ራስህ ታውቀው የለም እንዴ!»

አውቀዋለሁ። ደምሴ እናቱ ግቢ ነው አሉኝ፤ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ጋዜጣ ይዞ ተቀምጧል።

«አቶ ደምሴ፣ ጋሽ አስራት አርፈዋል። ድንኳኑን ይፍቀዱ።»

«ነፍስ ይማር። አባል አይደለም።»

«ልጃቸው ብቻዋን ናት።»

«እኔም ያን ጊዜ ብቻዬን ነበርኩ።»

«ምን ብቻ? ሰፈሩ ሙሉ እዚህ ግቢ ውስጥ ነበር እኮ!»

ከወንበሩ ተነሳና ሸሚዜን አንገቴ ሥር ጨብጦ ያዘኝ። «ምን ሰማህ? ምን ሰምተህ ነው?» አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ምን እንደሚለኝ አልገባኝም። እጁን ያዝኩት። አንዳችን አንዳችንን ልንጥል ነበር።

«ደምሴ፣ ልቀቀው።»

እማማ በላይነሽ ናቸው፣ ከመስኮቱ። ይዞ ያቆማቸው ሰው የለም፤ የመስኮቱን ብረት ጨብጠው በራሳቸው ቆመዋል።

«እማዬ፣ አንቺ አትግቢበት።»

«ያለቀሱት ለእኔ አይደል? በማን ልግባ? እዚሁ ተኝቼ ሁሉንም ሰማሁ። ጎረቤት አለቀሰልኝ። ሸማኔው ሁሉ ሥራውን ጥሎ መጥቶ አለቀሰልኝ። አንተ እዚህ በረንዳ ላይ ቆመህ ለእህትህ ምን አልካት?»

«እማዬ!»

«ፊቴን ገብተህ ሳታይ፣ ‹የቤቱ ካርታ የት ነው?› አልካት።»

ደምሴ ሸሚዜን ለቀቀ። ያን ሁሉ ጊዜ የተዋረዱት እናቱ መስለውኝ ነበር። እሱን ግን በሰፈሩ ፊት የሚያስፈራው የራሱ ቃል ነበር። የሰማው ሰው ይኑር አይኑር አያውቅም፤ ስለዚህ ጡሩምባውን የነፋውን አባረረ።

«ልጄ ነህ ብዬ ዝም አልኩ» አሉ እማማ በላይነሽ። «ለአንተ ዝም ስል ሰው ያለ እድር ሞተ። የመጋዘኑን ቁልፍ ስጠው።»

ኪሱ ገብቶ አወጣ፤ ዓይኔን ሳያይ እጄ ላይ አኖረው። ድንኳኑ ዘግይቶ ተተከለ። ጡሩምባውም ተነፋ። የመጣ አለ፣ የቀረ አለ። ልጃቸው ግን ብቻዋን አልቆመችም። ደምሴ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር፤ አየሁት፣ አላናገርኩትም።

የእኔ ነገር የቀጠለው ከዚያ በኋላ ነው። ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራና ሁለታችንም ወደ እድሩ እንድንመለስ ተወሰነ፤ ጋሽ አስራት በሞቱ አባላት ተርታ። ሰው አጨበጨበ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን አነበበና እንደ ለመደው የጣት አሻራ ቀለሙን ወደ እኔ ገፋው። መልሼ ገፋሁለትና ወረቀቱን ወሰድኩ። ሰው ሁሉ እየጠበቀ፣ እየተንተባተብኩም ቢሆን፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ከሁለታችንም ስም ጎን «በምሕረት ተመልሰዋል» ይላል።

«ይሄ ይሰረዝ» አልኩ።

«ምኑ?» አለ ጸሐፊው።

«ምሕረት። ምሕረት የሚደረገው ላጠፋ ሰው ነው። እኔ ያጠፋሁት የለም።»

«አቶ ቦጋለ፣ አሁን በሰላም አለቀ እኮ፤ ምን ለውጥ አለው?»

«ለውጥ ከሌለው ሰርዘው።»

ማጉረምረም ተነሳ። ወረቀቱን አልለቀቅኩም። ደምሴ ቀና ሳይል «ሰርዘው» አለ። ጸሐፊው ከእኔ ስም ጎን ያለውን ሰረዘ፤ በላዩ ላይ «ያለ ጥፋቱ ተባርሮ ስለነበር» ብሎ ጻፈልኝ። ስለ ጋሽ አስራት የተጻፈውን እንዳለ ተውኩት፤ እሳቸው ጥፋታቸውን በአደባባይ አምነዋል፣ ምሕረት አያሳፍራቸውም። እስክሪብቶ አስመጥቼ ስሜን ጻፍኩ፣ ከስሜ ጎን ቀኑን፤ እሁድ፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.።